የድረ ገጽ ቅጽ ያለ ሰርቨር ፕሮግራም በኢሜይል እንዴት ይደርሳል?

የክረምቱ ዝናብ ሊጥል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የምርጥ ዘር ጥያቄ ይበዛል። አርሶ አደሩ ፍላጎቱን በአብዛኛው የሚያስመዘግበው በልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቢሮ በኩል ነው። ዘር የሚያባዛ ማኅበር፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የዶሮ ጫጩት አከፋፋይ ወይም የንብ ቀፎ ሠሪ የራሱን ድረ ገጽ ሲከፍት ደግሞ “ትእዛዝዎን እዚህ ይሙሉ” የሚል ቅጽ ማስቀመጥ ይችላል። አርሶ አደሩም በልጁ ስልክ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የሚፈልገውን የዘር ዓይነትና መጠን ሞልቶ “ላክ” የሚለውን ይጫናል። ገጹ “እናመሰግናለን” ይላል።

ዋናው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። የተሞላው ቅጽ ወዴት ሄደ? በማንስ እጅ ገባ? ቅጹ መንገድ ላይ ከቀረ ማኅበሩ ትእዛዝ እንዳልመጣለት ይቆጥራል፤ አርሶ አደሩ ደግሞ ዘሩ እንደተያዘለት አምኖ ይጠብቃል። የዘር ወቅት ግን ሁለቱንም አይጠብቅም።

ይህ ጽሑፍ የራሳቸው ሰርቨርና የፕሮግራም ባለሙያ የሌላቸው ማኅበራትና አነስተኛ ነጋዴዎች የድረ ገጽ ቅጽን በኢሜይል የሚቀበሉባቸውን መንገዶች፣ የእያንዳንዱን ድክመትና መልእክቱ መድረሱ የሚረጋገጥበትን ዘዴ ያስረዳል።

ቅጹና ተሸካሚው

ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል የተባለው ቋንቋ ቅጽን መሣል ይችላል፤ ማድረስ ግን አይችልም። የሚሞሉትን ቦታዎች፣ የምርጫ ዝርዝሩንና “ላክ” የሚለውን ቁልፍ በስልኩ ላይ ያሳያል። የተሞላውን ተቀብሎ ኢሜይል አድርጎ የሚልክ ሌላ አካል ያስፈልጋል። ቅጹ በወረቀት ቢሆን ኖሮ ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ መተው ብቻውን እንደማይበቃ፣ ወደ ቢሮ የሚወስደው ሰው እንደሚያስፈልግ ሁሉ ማለት ነው።

ይህን የማድረስ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የኖረው በሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። ሰርቨር ማለት ድረ ገጹን ለጠየቀው ሁሉ የሚያቀርብ ዘወትር የበራ ኮምፒውተር ነው። በላዩ ላይ በፒኤችፒ ወይም በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ካለ የተሞላውን ቅጽ ይቀበላል፤ ወደ ኢሜይልም ይለውጠዋል። ነገር ግን በርካታ አነስተኛ ድረ ገጾች የሚቀመጡት የተዘጋጀውን ገጽ እንዳለ ብቻ በሚያሳዩ፣ ፕሮግራም በማያሠሩ ሰርቨሮች ላይ ነው። እንዲህ ያለው አቀማመጥ ዋጋው ዝቅተኛ ወይም ነጻ ነው፤ ጥገናውም ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ጊትሀብ ፔጅስ ከታወቁት አንዱ ነው። የጎደለው ነገር ተሸካሚው ብቻ ነው።

ተሸካሚው ማንም ይሁን ማን፣ በቅጹ ውስጥ ሁለት ነገሮች በትክክል መጻፍ አለባቸው። የመጀመሪያው “አክሽን” የሚባለው የመድረሻ አድራሻ ነው። ሁለተኛው “ኔም” የሚባለው የእያንዳንዱ መሙያ ቦታ መጠሪያ ነው። መጠሪያ ያልተሰጠው ቦታ ላይ አርሶ አደሩ ምንም ቢጽፍ ብራውዘሩ አይልከውም። ስሙና ቀበሌው ደርሶ ስልክ ቁጥሩ ባዶ ሆኖ የሚገኝ ኢሜይል ካጋጠመ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይኸው ነው።

ከቀደመው ዘመን የተገኘ ትምህርት

ኢሜይል ከድረ ገጽ ይቀድማል። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በመረብ መልእክት የላከው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ቅጾችን ያካተተው የኤችቲኤምኤል ሁለተኛ ደረጃ መግለጫ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1995 ነው። በዚያው ዓመት ማት ራይት የተባለ ወጣት “ፎርምሜይል” የተሰኘ ፕሮግራም ለሕዝብ በነጻ አቀረበ፤ በርካታ ድረ ገጾችም ቅጻቸውን በእርሱ አማካይነት ወደ ኢሜይል መለወጥ ጀመሩ።

የቀድሞዎቹ የዚህ ፕሮግራም ቅጂዎች የተቀባዩን አድራሻ ከቅጹ ውስጥ ያነብቡ ነበር። አላስፈላጊ ማስታወቂያ የሚበትኑ ሰዎች ይህን አውቀው የራሳቸውን አድራሻ ዝርዝር እያስገቡ በሌሎች ሰርቨር ስፍር ቁጥር የሌለው መልእክት ላኩበት። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ዛሬም ይሠራል። የተቀባዩ አድራሻ በላኪው ፈቃድ የሚለወጥ መሆን የለበትም፤ ቅጽ በተከፈተበት ቦታ ሁሉ ተንኮለኛ እንደሚመጣም መጠበቅ ይገባል።

አንደኛው መንገድ፦ የሞይውን ኢሜይል መክፈት

ቀላሉ መንገድ በቅጹ የመድረሻ ቦታ ላይ “ሜልቱ” የሚለውን ቃልና የማኅበሩን ኢሜይል መጻፍ ነው። የሚከፈል ገንዘብም ሆነ የሚመዘገቡበት ድርጅት የለም። “ላክ” ሲጫን ብራውዘሩ የተሞላውን ወደ ስልኩ ወይም ወደ ኮምፒውተሩ የኢሜይል መተግበሪያ ያሻግረዋል፤ የተጻፈበት አዲስ ኢሜይልም ይከፈታል።

ድክመቱ ግን ብዙ ነው። አንደኛ፣ ቅጹ ራሱ ምንም አይልክም፤ ሰውየው በኢሜይል መተግበሪያው ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ “ላክ” ማለት አለበት። መጀመሪያ በመጫኑ የጨረሰ የመሰለው ሰው ስልኩን ሲዘጋ ትእዛዙ እዚያው ይቀራል። ሁለተኛ፣ በስልኩ ላይ የኢሜይል አካውንት ከሌለ ምንም ላይከፈት ይችላል። ሦስተኛ፣ በኢንተርኔት ቤት ወይም በተዋሰው ስልክ ላይ ከተሞላ ትእዛዙ በሌላ ሰው ኢሜይል ስም ይሄዳል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ በአድራሻ መልክ ሲጻፍ ደግሞ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚተላለፈው ጽሑፍ እንደ አንድ ረጅም አድራሻ ስለሚቆጠር የርዝመት ገደብ አለበት። የቀድሞው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሚቀበለው 2083 ምልክት ብቻ ነበር። ይህም ወደ 230 የግዕዝ ፊደል ገደማ ነው። ስለ ሰብል በሽታ ዘርዘር አድርጎ የጻፈ አርሶ አደር ጽሑፉ መሐል ላይ ሊቆረጥበት ይችላል።

ስለዚህ ይህ መንገድ ለቅጽ አይመከርም። “ኢሜይል ይጻፉልን” የሚል ማስፈንጠሪያ ሆኖ፣ ከጎኑ ስልክ ቁጥር ሲቀመጥለት ግን ጥቅም ይሰጣል። አድራሻው በግልጽ ስለሚታይ በድረ ገጾች ላይ እየዞሩ ኢሜይል የሚለቅሙ ፕሮግራሞች እንደሚያገኙትም መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው መንገድ፦ ቅጽ ተቀባይ አገልግሎት

ሁለተኛው መንገድ የማድረሱን ሥራ ለሌላ ድርጅት መስጠት ነው። ፎርምስፕሪ ከእንዲህ ያሉት አገልግሎቶች አንዱ ነው። ኔትሊፋይም ገጻቸውን በእርሱ ላይ ላስቀመጡ ደንበኞቹ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ማኅበሩ በኢሜይሉ ይመዘገባል፤ አገልግሎቱም ኢሜይሉ በእርግጥ የተመዝጋቢው መሆኑን የሚያረጋግጥ መልእክት ይልካል። ይህ ማረጋገጫ ካልተፈጸመ የሚላኩት ቅጾች ላይደርሱ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ አገልግሎቱ ለቅጹ የተለየ አድራሻ ይሰጣል፤ ገጹን የሚሠራው ሰው አድራሻውን በቅጹ የመድረሻ ቦታ ላይ ይጽፋል። የማኅበሩ ኢሜይል በገጹ ላይ ስለማይታይ ለቃሚዎች አያገኙትም። አርሶ አደሩም የኢሜይል አካውንት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል።

የመጀመሪያው የወር ገደብ ነው። ነጻው አገልግሎት በወር የሚቀበለው ቅጽ የተቆጠረ ነው። በጥርና በየካቲት የማይሞላው ገደብ በግንቦት በሳምንት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ገደቡ ስንት እንደሆነና ሲያልቅ የተላከው ቅጽ ምን እንደሚሆን ከወቅቱ በፊት አይቶ፣ የሚያስፈልግ ከሆነ ለሁለትና ለሦስት ወር ብቻ የክፍያውን አገልግሎት መግዛት ይሻላል።

ሁለተኛው የላኪው ስም ነው። የሚመጣው ኢሜይል ላኪ አርሶ አደሩ ሳይሆን አገልግሎቱ ነው። በሌላ ሰው አድራሻ የሚላክ ኢሜይል በተቀባዩ ማጣሪያ ስለሚያዝ አሠራሩ ትክክል ነው። ነገር ግን “መልስ” የሚለውን ተጭኖ የሚጽፍ የቢሮ ሠራተኛ፣ ቅጹ የሞይውን ኢሜይል ካልጠየቀ መልሱ ለአርሶ አደሩ አይደርሰውም። ብዙዎቹ ሞዪዎች ኢሜይል ስለማይኖራቸው የመልሱ መንገድ ስልክ ቁጥር መሆን አለበት።

ሦስተኛው የሐሰት ቅጽ ነው። በኢንተርኔት የሚዞሩ ፕሮግራሞች ያገኙትን ቅጽ ሁሉ ይሞላሉ። እነርሱን ለመለየት ለሰው ዓይን የማይታይ አንድ መሙያ ቦታ ይደበቃል፤ ሰው ስለማያየው ባዶ ይተወዋል፣ ፕሮግራሙ ግን ይሞላዋል፤ የተሞላውም ይጣላል። የተደበቀው ቦታ “ስልክ” ወይም “አድራሻ” የሚል መጠሪያ ከተሰጠው ግን ብራውዘሩ ቀድሞ የያዘውን መረጃ በራሱ ሊሞላበትና የእውነተኛውን ሰው ትእዛዝ ሊያስጥል ይችላል። መጠሪያው ከተለመዱት የተለየ መሆን አለበት።

ሦስተኛው መንገድ፦ የተዘጋጀ ቅጽ

ገጽ የሚሠራ ሰው ለሌለው ማኅበር ቀላሉ እንደ ጉግል ፎርምስ ያለ የተዘጋጀ ቅጽ ነው። ቅጹ የሚሠራው ምንም ኮድ ሳይጻፍ ነው፤ በድረ ገጹ ውስጥ ሊገባ ወይም በቴሌግራም ሊላክ ይችላል። መልሶቹ በቅጹ ውስጥ ተጠብቀው ይቆያሉ፤ ወደ ሠንጠረዥም ይገለበጣሉ። ኢሜይሉ ቢጠፋ እንኳ ትእዛዙ እዚያው ስላለ ይህ ትልቅ ብልጫው ነው።

ሆኖም አዲስ መልስ ሲመጣ ኢሜይል የሚደርሰው የማሳወቂያው ምርጫ ሲከፈት ነው። ማሳወቂያው “አዲስ መልስ አለ” ይላል እንጂ ዝርዝሩን ይዞ አይመጣም፤ ሠራተኛው ቅጹን ከፍቶ ማየት አለበት።

ፎቶግራፍ ለሚጠይቁም ማሳሰቢያ አለ። ቢጫ የሆነውን የስንዴ ቅጠል አንሥቶ እንዲልክ አርሶ አደሩን የሚጠይቅ ቅጽ፣ ፋይል መቀበያ ሲጨመርበት ሞይው በጉግል አካውንቱ እንዲገባ ያስገድዳል። አካውንት የሌለው ሰው ቅጹን ሳይሞላ ይመለሳል። ፎቶውን በቴሌግራም መቀበልና ቅጹን ለጽሑፍ ብቻ መተው ይሻላል።

ምን ይጠየቅ? እንዴትስ ይጠየቅ?

በሚገባ የደረሰ ቅጽ እንኳ የተሞላው ነገር ግልጽ ካልሆነ ጥቅም የለውም። በተለይ አምስት ቦታዎች ላይ ስሕተት ይበዛል።

ስልክ ቁጥር፦ የአገራችን የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። ወደ ሠንጠረዥ ሲገለበጥ እንደ ተራ ቁጥር ተቆጥሮ የፊቱ 0 ሊወድቅ ይችላል። ዐምዱ “ጽሑፍ” ተብሎ ቢዘጋጅ ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል። ሞይው ስልክ ከሌለው የጎረቤት ወይም የልጁን ቁጥር የማን እንደሆነ ጠቅሶ የሚጽፍበት ቦታ ያስፈልጋል።

መጠን፦ “2” ተብሎ የተሞላ ትእዛዝ 2 ኪሎ ነው ወይስ 2 ኩንታል? አንዱ ከሌላው መቶ እጥፍ ይበልጣል። መለኪያው በምርጫ ዝርዝር መቅረብ አለበት።

የመሬት ስፋት፦ አንዱ በጥማድ፣ ሌላው በቃዳ፣ ባለሙያው ደግሞ በሄክታር ይቆጥራል። መለኪያውን ሞይው እንዲመርጥ ማድረግ፣ ወደ ሄክታር የመለወጡን ሥራ ለቢሮው መተው ይገባል።

ቀን፦ የብራውዘር የቀን መምረጫ የሚያሳየው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። 10/10/2018 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአንዱ ሰኔ 10 ቀን ነው፤ ለሌላው ደግሞ የጥቅምት አጋማሽ ሳይደርስ የሚውል የፈረንጅ ቀን ነው። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የወራትን ስም በዝርዝር አስቀምጦ ማስመረጥ ይህን ስሕተት ያስቀራል።

ስምና ቦታ፦ በአንድ ቀበሌ ውስጥ አንድ ዓይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ሰዎች አይታጡም፤ የአያት ስም ይጨመር። በተለያዩ ወረዳዎች አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ቀበሌዎችም ስላሉ ወረዳው ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም።

ከዚህ በላይ ብዙ መጠየቅ ሞይውን ያሰለቻል። ቅጹ በተራዘመ ቁጥር፣ ኢንተርኔቱም በተቆራረጠ ቁጥር ሳይጨርስ የሚተወው ሰው ይበዛል።

የሰውን መረጃ መጠበቅ

ቅጹ የሚይዘው የሰው ስም፣ ስልክና መኖሪያ ነው። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ አካል ኀላፊነት አለበት። ቅጽ ተቀባይ አገልግሎቶቹ ደግሞ መረጃውን የሚያስቀምጡት በአብዛኛው በውጭ አገር ሰርቨሮች ላይ ነው።

ስለዚህ በቅጹ ራስጌ ላይ መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብና ማን እንደሚያየው በአጭሩ መጻፍ አለበት። የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥርና የምሥጢር ቁጥር በእንዲህ ያለ ቅጽ ፈጽሞ መጠየቅ የለባቸውም። አርሶ አደሮችና ከተማ ነዋሪዎችም ዘር ለማዘዝ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማቸው መሙላቱን ትተው ማኅበሩን በስልክ ወይም በአካል መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የቢሮው ኢሜይል የይለፍ ቃልም ለሁሉ የሚነገር መሆን የለበትም፤ ሠራተኛ ሲለቅ መለወጥ አለበት።

“እናመሰግናለን” ማረጋገጫ አይደለም

ቅጽ የሞላ ሰው “እናመሰግናለን” የሚለውን ሲያይ ትእዛዙ ማኅበሩ ዘንድ ደረሰ ብሎ ያምናል። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ቢበዛ የሚናገረው ተሸካሚው ቅጹን መቀበሉን ነው። ከዚያ በኋላ ኢሜይሉ ወደ ስፓም ሊገባ፣ የማኅበሩ የመልእክት ሳጥን ሞልቶ ሊመለስ፣ ወይም ኢሜይሉን የሚከፍተው ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ሊሆን ይችላል። መድረስ፣ መነበብና መመዝገብ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማኅበሩ ቅጹን ከመክፈቱ በፊትና በየሳምንቱ የሚከተሉትን ቢፈጽም አብዛኛው ችግር ይወገዳል።

1. ከቢሮው ውጭ ባለ ስልክ፣ በሞባይል ኢንተርኔት፣ በአማርኛ አንድ የሙከራ ቅጽ መሙላት፤ ሁሉም ቦታ በትክክል መድረሱንና ፊደሉ አለመበላሸቱን ማየት።

2. የሙከራው ኢሜይል ስፓም ውስጥ ከተገኘ “ስፓም አይደለም” ብሎ ማውጣትና የአገልግሎቱን አድራሻ በአድራሻ መዝገብ ማስገባት፤ በወቅቱም ስፓምን በየቀኑ መክፈት።

3. ኢሜይሉ ለሁለት ሰዎች እንዲደርስ ማድረግ፤ አንዱ ባይኖር ሌላው ያየዋል።

4. የደረሰውን ትእዛዝ ሁሉ ተራ ቁጥር ሰጥቶ በመዝገብ ላይ ማስፈር፤ ቁጥሩን ደውሎ ወይም በአጭር መልእክት ለአርሶ አደሩ መንገር።

5. በምስጋናው ገጽ ላይ “በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ካልደወልንልዎ በዚህ ቁጥር ይደውሉ” ብሎ የቢሮውን ስልክ መጻፍ።

ከአምስቱ ሁሉ የመጨረሻው ዋጋው ይበልጣል። ቴክኖሎጂው የትም ላይ ቢበላሽ አርሶ አደሩ ራሱ ስሕተቱን እንዲያገኘው ያደርጋልና።

አርሶ አደሩም በበኩሉ የሞላውን ገጽ ምስል በስልኩ ቢያስቀር፣ የሞላበትን ቀን ቢያስታውስና የምዝገባ ቁጥር እስኪነገረው ድረስ ትእዛዙ እንደተያዘለት ባይቆጥር ይመከራል። ቁጥር ሳይሰጠው ሁለት ቀን ካለፈ መደወል አለበት።

ቅጹ የማይተካው

የድረ ገጽ ቅጽ ኢንተርኔት ያለውን ስልክና ማንበብ የሚችል ሰው ይፈልጋል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት የጀመረው የግብርና መረጃ መስመር 8028 በተራ ስልክ፣ በድምፅ መረጃ የሚሰጥ በመሆኑ ማንበብ የማይችለውንም አርሶ አደር ያገለግላል። ቅጹ ሲከፈት የቢሮው ስልክና የልማት ጣቢያው መዝገብ መዘጋት የለባቸውም፤ በስልክ የመጣው ትእዛዝም በቅጽ ከመጣው ጋር በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ተራ ቁጥር መግባት አለበት። አለዚያ በሁለቱም መንገድ ያዘዘ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

ክፍያ የሚቀበል፣ በመጋዘን የቀረውን ዘር በየሰዓቱ የሚያሳይ ወይም በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ትእዛዝ የሚያስተናግድ ዩኒየን ደግሞ በኢሜይል ብቻ ሊሠራ አይችልም፤ የራሱን ሥርዓት በባለሙያ ማሠራት ይኖርበታል። በሳምንት ጥቂት አሥር ትእዛዞችን ለሚቀበል ማኅበር ግን ከላይ የተገለጹት ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገዶች በቂ ናቸው፤ የሚጠበቅበት ኢሜይሉን በየዕለቱ ከፍቶ መመዝገብና ላዘዘው አርሶ አደር መደወል ነው።